ጀልባዋን ትተው ፈቃዱን ወሰዱ

ባለቤቴን መጀመሪያ ያወቅሁት በጠረኑ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበረው ዓመት ለንደን ገብቼ፣ ክሮይደን ከኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተሰልፌአለሁ። ከፊቴ የቆመው ሐበሻ ለጓደኛው ሊያስተረጉም የመጣ ነበር። ከጃኬቱ የሚወጣውን የዓሣ ጠረን ሸሽቼ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስል ዞር ብሎ አየኝ።

«ይቅርታ፣ ከሺፍት በቀጥታ ስለመጣሁ ነው» አለኝ።

«ዓሣ ቤት ነው የምትሠራው?»

«ፓርክ ሮያል፣ መጋዘን። ሌላ ሰው ያጠመደውን በሣጥን አሽጋለሁ።» ትንሽ ቆየና፣ «ድሮ እኔው ነበርኩ የማጠምደው» ብሎ ጨመረ።

የዝዋይ ልጅ ነው። አባቱ ሐይቁ ላይ መረብ ጥለው ነው ስምንት ልጅ ያሳደጉት። እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ዓሣ ማለት ለእኔ ጾም ሲገባ ምግብ ቤት በር ላይ በጠመኔ የሚጻፍ «የዓሣ ጉላሽ አለ» የሚል ማስታወቂያ ነበር። ቆሮሶን ከአምባዛ የለየሁት እሱን ካገባሁ በኋላ ነው። ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ይዞኝ ይሄድና በረዶ ላይ የተደረደሩትን ዓሦች ጉንጫቸውን ገለጥ እያደረገ፣ «ይሄ የትናንት ነው፤ ይሄኛው ሳምንት አልፎታል» ይለኛል። ሻጩ አማርኛ ባይሰማም የሚባለው ይገባው ነበርና ፊቱ ይጠቁራል። እኔ አፍሬ እጁን እጎትታለሁ።

ለመጋዘኑ ዓሣ ከሚያመጡት መካከል አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበሩ። ሌላው በትልልቅ መኪና ሲያመጣ እሳቸው በአሮጌ ቫን፣ ራሳቸው ያጠመዱትን ብቻ ያመጣሉ። ጀልባቸው ከባርኪንግ ወዲያ፣ ቴምዝ ወደ ባሕር እየሰፋ በሚሄድበት በኩል ቆማለች። የሚያመጡት ሶል የሚባለውን ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጎን ያሉ። አንድ ቀን ሒሳባቸውን እስኪቀበሉ ድረስ ባለቤቴ ቫኑ ውስጥ የተቀደደ መረብ ያያል። ማንም ሳያዘው ተቀምጦ ይሰፋዋል። ሽማግሌው ተመልሰው ሲመጡ መረቡን አንሥተው ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩት አለኝ።

«ይህን አቋጣጠር ማን አስተማረህ?»

«አባቴ።»

«በየትኛው ባሕር?»

«ባሕር አይደለም፤ ሐይቅ ነው።»

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ይዘውት መውጣት ጀመሩ። ደመወዝ አይከፍሉትም፤ ከያዙት ላይ የድርሻውን ይሰጡታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ የሚመለሰው ሰውዬ ሌላ ሰው ነበር። በሳምንቱ አምስት ቀን ከማቀዝቀዣ ክፍል ወጥቶ ሶፋ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ሰው፣ ቅዳሜ ማታ ጃኬቱን ሳያወልቅ ስለ ሞገዱ፣ ስለ ነፋሱ፣ ጭቃው ላይ ተኝተው ስላያቸው የባሕር እንስሳት ያወራኛል። ቤታችን በሙሉ ይሸታል፤ ጎረቤታችን ለአካባቢው አስተዳደር፣ ለካውንስሉ፣ ስልክ ደውላ ከስሳናለች። እኔም በልቤ ለጎረቤቷ እፈርድ ነበር፤ ግን ቅዳሜውን አልወሰድኩበትም።

ሦስት ዓመት ያህል እንዲህ ከሄደ በኋላ የሽማግሌው እጅ እምቢ አለ። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ መንከባከብ ስለሆነ፣ እጃቸውን አንድ ቀን ስጨብጥ ነው ነገሩ የገባኝ። ጣቶቻቸው መገጣጠሚያው ላይ አብጠው ወደ ጎን ዞረዋል፤ ጽዋ እንኳ በሁለት እጃቸው ነው የሚያነሡት። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው እኔ ጋ ይምጡ እያለች ነው። እቤታችን ድረስ መጥተው ለባለቤቴ ጀልባዋን ግዛኝ አሉት።

«ጀልባዋ አሮጊት ናት» አሉ። «ለእሷ ብዙ አልጠይቅህም። ዋጋ ያለው ፈቃዱ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ስለ ፈቃዱ የሰማሁት። መንግሥት አዲስ ሰው መጥቶ አፕላይ ቢያደርግ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ አይሰጥም፤ ቁጥሩ የተወሰነ ነው። የሚፈልግ ሰው ከሥራው ከሚወጣ ሰው ላይ ይገዛል። ፈቃዱ የሚመዘገበው በጀልባዋ ላይ ነው፤ ከዚያች ጀልባ ላይ ተነሥቶ ወደ ሌላ ጀልባ ሊዛወርም ይችላል። ፈቃድ የሌላት ጀልባ የምትወጣው ለመዝናኛ ብቻ ነው፤ ከያዘችው አንዲት ዓሣ መሸጥ አትችልም።

ባንኩ አላበድርም አለን። ቤት የለን፣ የምንኖረው በካውንስሉ የኪራይ ቤት ነው። ሽማግሌው የሚያውቁት ሌላ ዓሣ አጥማጅ ለጀልባና ለማሽን የሚያበድር አንድ ትንሽ ድርጅት ጠቆመንና ሄድን። ከአንድ ሱቅ በላይ ያለ ክፍል ነው። ያስተናገደን ልጅ ትሑት ነበር፤ ሻይ አቀረበልን፣ እንግሊዝኛውን ቀስ አድርጎ ተናገረልን። መያዣ የሚሆነው ፈቃዱ ነው አለን። ከሚፈረሙት ወረቀቶች መካከል አንዱ የፈቃድ ማስተላለፊያ ፎርም ነበር። ሁሉም ነገር ተሞልቶበታል፤ የቀኑ ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

«ቀኑ ለምን ባዶ ሆነ?» አልኩት።

«እንደማንጠቀምበት ተስፋ ስለምናደርግ ነው» አለኝ።

ባለቤቴ ብዕሩን ይዞ ወደ እኔ አየ። እንግሊዝኛ ከእሱ ይልቅ እኔ አነብባለሁ፤ ወረቀት ያለ እኔ አይፈርምም። ያን ጊዜ ያልኩትን ቃል ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

«ወረቀት ነው እኮ፤ ቤት አይደለም። ፈርም» አልኩት።

ለወረቀት እንዲህ ክብር ማጣቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ክሮይደን አራት ዓመት ያመላለሰኝ ወረቀት ነው። እሱን ሳላገኝ መሥራት አልቻልኩም፤ እናቴ ስትሞት ሄጄ መቅበር አልቻልኩም። ወረቀት ሰውን እንደሚያስር ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? ሆኖም ያን ቀን የታየኝ የባለቤቴ ፊት ብቻ ነበር። ፈረመ።

ሁለት ዓመት መልካም ጊዜ አሳለፍን። ፓርክ ሮያልን ተሰናብቶ የራሱ ሰው ሆነ። ማዕበሉ እንደሚነግረው ይወጣል፣ ማዕበሉ እንደሚነግረው ይገባል፤ እኔም ሰዓት ከማየት ይልቅ የውሃውን መምጫና መሄጃ የሚያሳየውን ትንሽ መጽሐፍ ማየት ለመድኩ። አንድ ቀን ይዞኝ ወጣ። ገና ከወንዙ ሳንወጣ አስመለሰኝ፤ እሱ ግን እንዲያ በጀልባ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥዬ እየቃተትኩ እንኳ ያችን ወፍ እያት፣ ያችን መርከብ እያት እያለ ያሳየኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ደንበኞቻችን ሆኑ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ግን አልቀረልንም። አንዳንዱ አይበላም ብሎ ይቆጣል፤ ያው ሰው ማክሰኞ ሲሆን ደውሎ «ለልጆቹ ነው» እያለ ሁለት ኪሎ ያዝዛል። እባብ የሚመስለውን ኢልን ግን ማንም አልነካልንም። ቅርፊት የሌለውን አንበላም አሉ፤ እኔም ቤቴ አይገባም አልኩ። እሱን ለእንግሊዞቹ ይሸጥላቸዋል።

ሽማግሌው ልጃቸው ጋ ሆነው በየሳምንቱ ይደውላሉ። «ዛሬ ነፋሱ ከወዴት ነው? መረቡን የት ጣልከው?» ይሉታል። ባለቤቴ አንድም ቀን ሳይሰለች ይነግራቸው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው አደጋው የደረሰው። መረብ የሚስበው ማሽን ገመዱን ሲጠቀልል ጓንቱን ያዘው፤ ቀኝ እጁንም አብሮ ሳበው። ብቻውን ነበር። በግራ እጁ ማሽኑን አጥፍቶ፣ በአንድ እጁ ጀልባዋን እየነዳ ወደብ ገባ። ሆስፒታል ስደርስ ነርሷ ሁለት ጣቶቹን ማትረፍ እንዳልተቻለ ነገረችኝ። እሱ የጠየቀኝ ዓሣውን በረዶ ውስጥ ያስገባው ሰው እንዳለ ነው።

ሐኪሞቹ ስድስት ወር ከባሕር ይራቅ አሉ። ለራሱ የሚሠራ ሰው ሲታመም ደመወዝ የለውም። እኔ ቅዳሜና እሑድ ተጨማሪ ሺፍት ወሰድኩ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ብድሩን እንደምንም ከፈልን፤ ከዚያ በኋላ ግን ዘገየን፣ ቀጥሎም አቃተን። ደብዳቤዎቹ መምጣት ጀመሩ። ባለቤቴ ደብዳቤዎቹን አያነብብም፤ ጠረጴዛው ላይ ሲያያቸው ገልብጦ ያስቀምጣቸዋል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ለመነኝ።

«ሰው እንዳይሰማ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንም እንዳይሰማ።»

«ለምን? ቢሰሙ ምን ይሆናል?»

«ኮፍያ ያዞሩልኛል። እኔ ለእነሱ ዓሣ የማቀርብ ሰው ነኝ እንጂ የሚለመንልኝ ሰው አይደለሁም።»

አበዳሪው ድርጅት ጋ ደውዬ ያንን ትሑት ልጅ አገኘሁት። ለአለቆቹ ተናግሮ መልሶ ደወለልኝ፤ ይህን ማድረግ አይገባውም ነበር መሰለኝ። የራሱ ቤት ያለው አንድ ሰው ዋስ ሆኖ ቢፈርምላችሁ ስድስት ወር ይታገሷችኋል አለኝ። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ምን እንደሚል አውቅ ነበርና።

የራሳቸው ቤት ያላቸው አንድ ሰው አውቅ ነበር። በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ ለንደን ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ወጥቼ ቤታቸው ሄድኩ። በአውቶቡስ ላይ ቃሉን ሳዘጋጅ ነው የቆየሁት። ሻይ ቀዱልኝ፣ ዳቦ ቆረሱልኝ።

«ባልሽ እጁ እንዴት ሆነለት?»

«እየዳነ ነው፣ እትዬ።»

«ሥራውንስ?»

«በቅርቡ ይመለሳል።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «የጎደላችሁ ነገር አለ?» አሉ።

ከዚያ በላይ በር ሊከፈትልኝ አይችልም ነበር። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ቆመ። ያየሁት እትዬን አልነበረም፤ ባለቤቴን ደብዳቤ ሲገለብጥ ነበር።

«ምንም አልጎደለንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ሻዬን ጨርሼ ተሰናበትኩ። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ልመለስ አልመለስ እያልኩ አንድ አውቶቡስ አለፈኝ። ሁለተኛው ሲመጣ ተሳፈርኩ።

ደብዳቤው የመጣው በሚቀጥለው ወር ነው። ፈቃዱ ከጀልባችሁ ተነሥቶ ለሌላ ጀልባ ተዛውሯል ይላል። የፈረምነው ፎርም ቅጂ አብሮት አለ። ባዶው የቀን ቦታ በሰማያዊ ብዕር ተሞልቷል፤ ጽሕፈቱ የሚያምር፣ የተረጋጋ እጅ ነው። ባለቤቴ ያን ቀን ከሐኪሙ ቀጠሮ ገና መመለሱ ነበር። ይህችን ግን እኔ እንዳነብብለት አልጠበቀም፤ ቆሞ ራሱ አነበባት። አጥፎ ኪሱ ከተታት፣ እጁን ታጠበ፣ ምሳ ቀርቦ ነበርና ተቀምጦ በላ።

«ጨው አንሶታል» አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት የጀልባ ልብሱን ለብሶ ወጣ። ሥራ ላይ ሆኜ ብደውል ስልኩ ተዘግቷል። ሁለተኛዋን አሮጊት ቁርስ አብልቼ እንደጨረስኩ አለቃዬን አስፈቅጄ በባቡር ባርኪንግ ወረድኩ፤ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ በእግሬ። በመንገዱ ላይ ያሰብኩትን አልጽፈውም።

ውሃው ሸሽቶ ነበር። ጀልባዋ ጭቃ ላይ ወደ ጎን ተጋድማለች። ባለቤቴ እላይዋ ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ሽማግሌው አሉ። ማለዳ ደውሎላቸው በልጃቸው መኪና መጥተዋል። የሁለቱም መቀመጫ ያዘመመ ስለሆነ እግራቸውን አንድ ጠርዝ ላይ ተክለው፣ ከቴርሞስ ሻይ እየጠጡ ነው። እንባዬ የመጣው እዚያ ላይ ነው፤ ሁለቱም ጽዋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳይ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና ለእኔ የሚናገሩ ይመስል፣ «ይህን ነገር ያመጣሁባችሁ እኔ ነኝ» አሉ። «ልጄ ለብዙ ጊዜ እኔ ጋ ይምጡ ስትለኝ ነበር። ዋጋውን ዝቅ አድርጌ፣ ቀስ ብለህ ክፈለኝ ብዬው ቢሆን አበዳሪ አያስፈልገውም ነበር። ቶሎ ልገላገል ብዬ ነው።»

ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ። «እርስዎ የሸጡልኝን በቅን ነው የሸጡልኝ። እጄን ለገመዱ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አላቸው።

«እንደሱ አትበል።»

«እውነት ነው። ጓንቱ ሰፊ ነበር፤ እርስዎ ነግረውኝ ነበር።»

እኔ ጀልባዋን አየሁ።

«እሷንም ይወስዷታል?» አልኩ።

«እሷን ማን ይፈልጋታል?» አለ ባለቤቴ። «እሷ የእኛ ናት።»

«ታዲያ መውጣት አትችልም?»

«መውጣት እችላለሁ። ለራሴ በዘንግ ማጥመድም እችላለሁ። መሸጥ ነው የማልችለው። አንድም።»

ውሃው እስኪመለስና ጀልባዋ ቀስ ብላ ቀጥ እስክትል ድረስ ሦስታችንም እዚያው ቆየን። ከዚያ የሽማግሌው ልጅ ወደ መኪናዋ ጠራችን፤ እስከ ባቡሩ ድረስ አደረሰችን።

ነገሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲሰማ አንድ ሳምንት አልፈጀም። እትዬ ደወሉልኝና ነይ አሉኝ። በዚያው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ በዚህኛው ቀን ግን ሻይ አልቀዱልኝም።

«ቤቴ መጥተሽ፣ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ምንም አልጎደለንም አልሽኝ» አሉ።

የዋሱን ነገር ነገርኳቸው። ደብቄው የኖርኩትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ አወጣሁት።

«ብጠይቅዎ ይፈርሙልኝ ነበር?» አልኳቸው።

«አላውቅም ልጄ» አሉኝ። «ልፈርም እችል ነበር፤ ልፈራም እችል ነበር። ቤቴ ብቻ ነው ያለኝ። ግን የእኔን መልስ አንቺ መለስሽልኝ። ያ ነው ያሳዘነኝ።»

ከዚያ ተነሥተው ሻዩን ጣዱ።

ለባለቤቴ መናገር ግን ዓመት ወሰደብኝ። በዚያ ዓመት ውስጥ ጀልባዋን ይዞ እየወጣ፣ በአንድ ዘንግ የያዘውን ለሰው በነጻ ይሰጥ ነበር፤ ለቄሱ፣ ለእትዬ፣ ከስሳን ለነበረችው ጎረቤታችን ሳይቀር። አንድ ቀን የዓሣ ተቆጣጣሪ ወደቡ ላይ አስቁሞት ሣጥኑን አየና፣ ይህ ሁሉ ለራስህ ነው ወይ አለው። ለወዳጆቼ ነው አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ይህን ያህል ሲበዛ መሸጥ ይመስላልና ተጠንቀቅ ብሎ ለቀቀው። ባለቤቴ ሌባ የተባለ ያህል ቆጠረው። ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ጠዋት ጠዋት ግን በሬዲዮ የሚነበበውን የባሕር ነፋስ ትንበያ ማዳመጡን አልተወም። ጥርሴን ስቦርሽ ከኩሽና ይሰማኛል፤ አንባቢው የባሕሮቹን ስም በተራ ይጠራል፣ ቴምዝ ሲደርስ ባለቤቴ ሬዲዮውን ያጠፋዋል።

ፓርክ ሮያል መልሰው ተቀበሉት። ከባድ ማንሣት ስለማይችል በየሣጥኑ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የሚያወጣ ሥራ ሰጡት። ሣጥኑ ላይ የዓሣው ዓይነትና ያጠመደችው ጀልባ ስም ይጻፋል። አንድ ማታ ራት እያቀረብኩ ሳለ፣

«ዛሬ ፈቃዴ መጣ» አለኝ።

«ምን?»

«ፈቃዱ የተዛወረላት ጀልባ። ስሟን ደብዳቤው ላይ አንብቤው ነበር። ዛሬ አሥራ ሁለት ሣጥን መጣ።»

ማንኪያውን ይዤ ቆምኩ።

«ጥሩ ዓሣ ነው» አለ። «በደንብ ይዘውታል። በረዶውን አልሰሰቱበትም።»

የዋሱን ነገር የነገርኩት በዚያ ሳምንት ነው። ድምፁ ውስጥ ምሬት ባለመኖሩ ይመስለኛል ድፍረት ያገኘሁት። ከሥራ መልስ አብረን ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ዕቃ ይዘን እየተመለስን ሳለ ነገርኩት፤ ስልኩን፣ የእትዬን ቤት፣ ሻዩን፣ አውቶቡሱን። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ዕቃውን በግራ እጁ አድርጎ መራመዱን ቀጠለ። ያን ቀን አላናገረኝም፣ በማግሥቱም አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣

«ብትነግሪኝም እምቢ ነበር የምለው» አለ። «እምቢ ብዬ ደግሞ በኋላ አንቺን እወቅስሽ ነበር። እኔን ታውቂኝ የለም?»

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ሰው እንዳይሰማ ያልኩትም እኔ ነኝ» አለና ወጣ። ከዚያ በኋላ አንሥተነው አናውቅም።

ጀልባዋን አንዲት ወጣት እንግሊዛዊት ከእኛ ገዛች። ሞተሯን አውጥታ፣ ቢጫ ቀብታ፣ መኖሪያዋ አድርጋታለች። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ቢጫ መሆኑ ነው እንጂ ይሻላታል አሉ። መንገደኛ በሚያመላልሱት የቴምዝ ጀልባዎች ላይ ሰው እንደሚፈለግ የነገሩትም እሳቸው ናቸው። ፈተና አለው፤ የወንዙን ድልድዮች፣ የማዕበሉን ሰዓት፣ ሰው ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ። ሦስት ወር ሙሉ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግቶ አጠና። እንግሊዝኛው ሲያስቸግረው እኔ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ይመልሳል። በመጀመሪያው ወደቀ፤ በሁለተኛው አለፈ።

አሁን ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ፣ ጀልባው ማረፊያው ጋ ሲደርስ ገመዱን ወርውሮ ብረቱ ላይ ያጠልቃል፤ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል። ከአለቆቹ አንዱ በሦስት ጣት እንዲህ የሚያስር አላየሁም ብሎታል። ቱሪስቶቹ ቡና ይደፉበታል፣ ትልቁ የሰዓት ማማ የት ነው እያሉ ይጠይቁታል። ጠረኑም ጠፍቷል፤ ልብሱን ሳጥብ አንዳንዴ አሸትተዋለሁ፣ የሚሸተው ናፍጣ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት ከሽማግሌው ወዳጆች አንዱ ሥራ ሊተው እንደሆነ፣ ፈቃዱንም ከነጀልባዋ ቀስ እያለ ለሚከፍለው ሰው መስጠት እንደሚፈልግ ሰማን። አበዳሪ የለበትም፣ መያዣ የለበትም። ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከእኔ አላነሣም። እኔ በዚህኛው ጊዜ ፈርም አላልኩትም፤ ተውም አላልኩትም።

«አንተ ምን ትላለህ?» አልኩት።

ጣት የጎደለውን እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አየው። አጠፈው፣ ዘረጋው።

«እስኪ ብርዱ ይለፍ» አለኝ።

ሰውየው እስካሁን አልሸጠውም ይባላል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ጋ ምሳ ላይ ሳለን፣ ባለቤቴ ሄደን እንያት ይሆን አለኝ፤ የሰውየውን ጀልባ ማለቱ ነው። እትዬ ሰምተው ኖሮ፣ «እኔንም ይዛችሁኝ ሂዱ። ይህን ያህል ዓመት ለንደን ስኖር ባሕሩን ቀርቤ አይቼው አላውቅም» አሉ።

በሚመጣው ቅዳሜ ሦስታችንም እንሄዳለን።